ገና ይቀንሳሉ

ወንድሜ «ቤቱን እንሽጠውና እንካፈል» ሲለኝ የሰው ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀምኩ ነበር። መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። የእማዬ ልብስ እንኳ ገና ከቁም ሳጥኑ አልወጣም።

«ጋራዥ የምከፍትበት ቦታ አግኝቻለሁ። ካመለጠኝ አለቀልኝ» አለኝ። «ዕድሜ ልኬን በሰው ጋራዥ የሰው መኪና ሥር ተኝቼ ልኑር እንዴ?»

እውነቱን ነው። ችግሩ የእሱ እውነት እኔን ከቤቴ የሚያስወጣ መሆኑ ነው። የተወለድኩት እዚህ ነው፤ አግብቼ የወጣሁት፣ ፈትቼ የተመለስኩት፣ እማዬን አስታምሜ የሸኘሁትም ከዚሁ ነው። የስፌት መኪናዬ ሳሎኑ መስኮት ሥር ተቀምጣለች፤ ደንበኞቼም የውጭውን በር ሳያንኳኩ ገፍተው ይገባሉ። ድርሻዬን ይዤ ብወጣ የማገኘው አንዲት ክፍል ነው፤ ከጋራ ሽንት ቤትና ከግድግዳው ወዲያ ሲያስል ከሚያድር ጎረቤት ጋር። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ! ድርሻውን ገዝቼ ላስቀረው አቅሙ የለኝም። ልክሰሰው ብል ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አፌን ዘግቼ ብልሃት መፈለግ ጀመርኩ።

ብልሃቱን ሳያውቅ ያቀበለኝ ደላላው ነው። ሰፈሩ «ቶሎቶሎ» ነው የሚለው፤ ሁለቴ ሳይደግመው የሚያልፍ ወሬ የለውም። ድለላውን የወረሰው ከአባቱ ነው። ሲገባ ጫማውን ጠረገ፣ ክፍሎቹን ዞረ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ከዚያ ሳሎን ተቀምጦ አንድ ዋጋ ተናገረ።

«በዚህ ዋጋ ወር ሳይሞላው ይሄዳል» አለ። «ቤት አዲስ የወጣ ሰሞን ነው ገዢ የሚጎርፍለት። ያን ጊዜ ዋጋው ልክ ከሆነ ይሻማሉ። ካበዛችሁበት ግን አይተውት ይሄዳሉ፤ ይሰነብታል። የሰነበተ ቤት ደግሞ ‹ምን ቢኖርበት ነው ያልተሸጠው?› ይባላል። ያኔ ብትቀንሱም አያምኗችሁም። ‹ገና ይቀንሳሉ› ብለው ይቀመጣሉ። መጨረሻ ላይ ዛሬ ካልኳችሁ በታች ትሰጡታላችሁ። ስንቱን አይቻለሁ መሰላችሁ!»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ጆሮዬ የቀረው አንዱ ቃል ላይ ነው፤ ይሰነብታል።

«በዚህ ዋጋ?» አልኩ፤ ድምፄን ሆን ብዬ ሰበር አድርጌ። «እማዬ ዕድሜዋን የጨረሰችበትን ቤት? ያ ጥጉ ላይ ያለው፣ ጣራው የሚያፈሰው ቤት እንኳ ከዚህ በላይ ነው የሄደው። ሰው ምን ይለናል? ‹እናታቸው እንደሞተች በችኮላ በተኑት› ነው የሚሉን።»

ወንድሜን አውቀዋለሁ። ብር ይጥፋ እንጂ «ሰው ምን ይላል» ሲሉት አይችልም። ፊቱ ቀላ፤ ከዚያም ደላላው ካለው በላይ፣ እኔ ራሴ ካሰብኩት በላይ ዋጋ ጠራ። ቶሎቶሎ ወንድሜን አየው፣ እኔን አየኝ። የገባው ይመስለኛል።

«እህቴ፣ ይሰነብታል» አለኝ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ቀስ ብሎ።

«ይሰንብታ!» አልኩት።

ደስ ብሎኝ ነበር። ገዢዎች መጡ፤ ባልና ሚስት፣ ጡረተኛ፣ ልጁን ሊድር ያሰበ ነጋዴ። ኩሽናውን አዩ፣ ዋጋውን ሰሙ፣ አመስግነው ወጡ። እኔም አመስግኜ ሸኘኋቸው። አንዱን እንዲያውም ሻይ ጋብዤዋለሁ። ወር አለፈ፤ ሌላም ወር ተከተለው። ከዚያ የሚመጣ ሰው እየሳሳ ሄደ፤ እኔም ስፌቴን ቀጠልኩ።

ሴትዮዋን ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው አጠገብ ቆማ ቤቱን ታያለች። ዕድሜዋ ከእኔ አይርቅም። ከሁሉ በፊት ዓይኔ የገባው ቀሚሷ ነው፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ሰው ሳይ ፊት የማየው ከልብስ በኋላ ነው። ወገቡ ላይ የተሸበሸበ፣ እማዬ በወጣትነቷ ታዘወትረው የነበረ ዓይነት ስፌት ነው። ጨርቁም ለቀሚስ አይሆንም፤ ወፍራም ነው፣ ለብሰውት ሲቆሙ ይገተራል። ምን ዓይነቷ ልብስ ሰፊ ናት እንዲህ ያለ ጨርቅ ቀሚስ ያደረገችው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። በማግስቱም እዚያው ናት። በሌላውም ቀን። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ጥላ እንኳ አትፈልግም።

ቶሎቶሎ ሲመጣ በመስኮቱ አሳየሁት። «እስኪ ያችን ጥራት። ገዢ ሳትሆን አትቀርም፤ ደፍራ መግባት ከብዷት ነው።»

አንድ ጊዜ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«አታናግሪያት» አለኝ። «ዋጋም እንዳትነግሪያት።»

«ምነው? ማናት?»

«የሰነበተ ቤት አንድ አያጣም። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ። እኛ በሥራችን አይተን እንዳላየን ነው የምናልፈው። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

«አስፈራርተህ ነው ዋጋ የምታስቀንሰኝ?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም። ሲወጣ አጥሩን ተጠግቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ መጣ። የጋራዡ ባለ ቦታ አስጨንቆታል፤ «እንቀንስ» አለ። ተከራከርኩት፤ ተቆጣሁ፤ አለቀስኩም። አልሆነም፤ ቀነሰ። እሱን ሸኝቼ የውጭውን በር ቀርቅሬ ስመለስ ግቢው ውስጥ የውኃ ድምፅ ሰማሁ።

ሴትዮዋ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ እጇን ትታጠባለች።

መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አይደለም፤ ቁጣ ነው። በሩን አሁን በእጄ ቀርቅሬ! ከዚያ ግን እጇን አየሁና ክው አልኩ። የእኛ ቧንቧ እንዲሁ ቢያዞሩት አይከፈትም። በአውራ ጣት ወደ ታች ተጭኖ፣ ትንሽ ወደ ግራ ገፋ አድርጎ ነው። የውኃ ሠራተኛው እንኳ አቅቶት እኔ ነኝ የከፈትኩለት። እሷ ሳታይ፣ ሌላ ነገር እያሰበ እንደሚሠራ ሰው፣ ተጭና፣ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«አንቺ ሴትዮ! ማን አስገባሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ ፊት አይደለም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው። እኔም ባለቤትነቴን ላሳያት ብዬ፣ ቶሎቶሎ ያለኝን ረስቼ፣ ዋጋውን በጩኸት ነገርኳት። «ይሄን ያህል ነው! ካለሽ አምጪና ግዢ፤ ከሌለሽ ውጪልኝ!»

ፈገግ አለች።

«ገና ነው» አለችኝ።

በሩን ከፍቼ ላስወጣት ቁልፍ ላመጣ ቤት ገብቼ ስመለስ የለችም። በሩ እንደተቀረቀረ ነው። ቧንቧው ሥር ያለው ሲሚንቶ ግን እርጥብ ነበር፤ ሄጄ በእጄ ነክቼዋለሁ።

ከማዶ ግቢ የገባችው ዋጋው በቀነሰ ዕለት መሆኑ ገብቶኛል፤ ከዚያ ቀን በኋላ እኔና ዋጋው ተቆራኘን። ዋጋው ባለበት እስከቆመ ድረስ ከቧንቧው አትርቅም፤ አንዳንድ ቀን በመስኮቱ አያታለሁ፣ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጣሪያውን ታያለች። አንድ እርምጃ ግን አትጨምርም። ስለዚህ ወንድሜ በደወለ ቁጥር «እንዳትቀንስ፣ በእማዬ እንዳትቀንስ» እያልኩ መለመን ጀመርኩ። ድሮ የምለምነው ላለመውጣት ነበር። አሁን እሷም እንዳትገባ ሆነ። ወንድሜ ያበድኩ መሰለው።

«ምን ሆነሻል? ሰው የሚሸሸን በዋጋው ነው እኮ! አንድ ገዢ ካየን ስንት ጊዜው ነው?»

«ይታገሱ፤ ይመጣሉ።»

«አንቺ ነሽ የምትታገሺው፤ እኔን ባለ ቦታው አይታገሰኝም» አለና ዘጋብኝ።

ሳይነግረኝ ቀነሰ። የቀነሰውን ያወቅሁት ከእሱ አይደለም። የተሰፋ ሱሪ ለደንበኛ አድርሼ ስመለስ ቁልፉን አዞርኩ፣ ሳሎን ገባሁ፤ ደንበኞቼ የሚቀመጡባት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እግሯን ሰብስባ፣ ተራ እንደምትጠብቅ ሴት። እጇ የስፌት መኪናዬን መሸፈኛ ጨርቅ ጫፉን ይዞ ይደባብሳል።

ያ መሸፈኛ ቢጫ መደብ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ቅጠል አለው፤ ወፍራም የመጋረጃ ጨርቅ ነው። የእሷም ቀሚስ ቢጫ መደብ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ቅጠል ነው። እስከዚያ ቀን ከሩቅ ሳየው ፀሐይ የበላው ቡኒ ይመስለኝ ነበር። አጠገቧ ቆሜ ግን ልብስ ሰፊ ነኝና አልሳሳትም፤ የአንድ ጥቅል ጨርቅ ናቸው።

መጋረጃዎቹ ከቤቱ ጋር የመጡ ናቸው። እማዬ ሁሌ ትለው ነበር፤ «ቤቱን ስገዛ መጋረጃው እንኳ ሳይወርድ ነው የተረከብኩት። ጠዋት ጠየቅሁ፣ ማታ ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።» ሳሎኑን ስንቀይር አንዱን አውርጄ ነው መሸፈኛ ያደረግሁት። አንዱ እስካሁን የእማዬ መኝታ ክፍል መስኮት ላይ ተሰቅሏል።

«ወንድሜ ቀነሰ፣ አይደል?» አልኳት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

«ገና ነው» አለች።

ሮጬ ወጣሁ። ቶሎቶሎን ቢሮው ውስጥ፣ ቢሮ ከተባለች፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። እንደማይስቅብኝ አውቄ ነበር።

«ይህን ቤት ለእናትሽ ያሻሻጠው አባቴ ነው» አለኝ። «ከእናትሽ በፊት የነበረችው ብቻዋን የቀረች ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት የባሏ ወንድሞች ‹ይሸጥና ድርሻችንን እንውሰድ› አሏት። መልቀቅ አልፈለገችም። ምን አደረገች መሰለሽ?»

ልነግረው እችል ነበር።

«ዋጋውን ሰቀለችው። ‹የባሌን ቤት በዚህማ አልሰጥም› አለች። ሰነበተ። ወንድሞቹ ቀነሱ፤ አሁንም የሚገዛ ጠፋ፤ ደግሞ ቀነሱ። እናትሽ እዚህ ሰፈር ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ሁሉን ታያለች። አባቴ ‹ለምን አትገዢውም?› ሲላት ‹ገና ይቀንሳሉ› ትለው ነበር። መጨረሻው ሲደርስ አንድ ጠዋት መጣች፤ ማታ ቁልፉን ተቀበለች። ሰው ሁሉ ‹ምን ዓይነት ብልህ ሴት ናት› አላት።»

«ሴትዮዋስ?»

«ወጣች። ከዚያ ወዲህ የት እንደኖረች፣ የት እንደሞተች የሚያውቅ የለም። አባቴ ግን ከምሰሶው ሥር ያያት ነበር። ሰላም አይላትም። እህቴ፣ መጀመሪያ ባልኳችሁ ዋጋ ቢወጣ እኮ በወሩ ተሸጦ ነበር። አንቺም ደህና ድርሻ ይዘሽ ትወጪ ነበር፣ እሷም ማዶዋን አትለቅም ነበር። መንገዱን የከፈትሽላት አንቺ ነሽ» አለኝ።

ቆሽቴ አረረ። ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። እማዬ ናት። ይህን ሁሉ ዓመት ስለዚያች ጠዋትና ስለዚያች ማታ እየተኩራራች ስትነግረኝ፣ ወንበሯ ላይ ተደላድላ፣ አንዲት ቀን እንኳ «የነበረችው ሴት» አላለችም። እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። መጋረጃው የማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ለወንድሜ እውነቱን ልነግረው ሞከርኩ። ሰማኝ፤ እጄን ያዘኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ከእማዬ ጋር ብቻሽን ስለቆየሽ ነው» አለኝ። «ከዚህ ቤት ቶሎ ላወጣሽ ይገባኛል» ብሎ፣ ለእኔ አስቦ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ቀነሰ። ዋጋው ቶሎቶሎ መጀመሪያ ካለው በታች ወረደ።

በዚያው ከሰዓት የኮሪደሩ ወለል ሲንቋቋ ሰማሁ። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ዘወር አላልኩም። የእማዬ ክፍል በር፣ ሲጥ ሲጥ የሚለው በር፣ ተከፈተ።

ገዢዎቹ በማግስቱ መጡ፤ ባልና ሚስት፣ ወጣቶች፣ ደስ የሚሉ ናቸው። ልጠላቸው ብዬ አልሆነልኝም። ሚስትየዋ ቤቱን ከእኔ በላይ አጥንታዋለች።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይናችን እዚህ ላይ ነው» አለችኝ እየሳቀች። «እኔ እንግዛው ስል፣ እሱ ‹ተይ፣ ገና ይቀንሳሉ› እያለ አስጠበቀኝ። እውነቱን ነበር!»

የእማዬን ክፍል ሳሳያቸው ሴትዮዋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ሚስትየዋ ፍራሹን ልትሞክር አጠገቧ፣ ትከሻ ለትከሻ ቁጭ አለች።

«ይሄ ክፍል ቀዝቀዝ ይላል፣ አይደል?» አለች ክንዷን እያሻሸች።

«ጥላ ነው» አለ ባልየው።

ቶሎቶሎ በሩ ላይ ቆሞ የጫማውን ጫፍ ያያል። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፤ ያን ቀን ፈገግ አላለችም።

«አሁን ደረሳችሁ» አለችኝ። «እኔም ዋጋው እዚህ ሲደርስ ነው የለቀቅኩት።»

ተነሳች። ቀሚሷን ከኋላ ደለደለች፣ መጋረጃውን አንድ ጊዜ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ በእኔ ጎን አልፋ ወጣች። ወደ ሳሎኑ መስኮት ሮጥኩ። የውጭውን በር አልፋ ወደ መንገዱ ስትወርድ አየኋት፤ በሩ ሲከፈት ግን አላየሁም። ምሰሶው ጋ አልቆመችም። ዞራም አላየችም። ሥራ ጨርሳ ወደ ቤቷ እንደምትሄድ ሴት ክንዷን እያወዛወዘች ሄደች። ቀናሁባት። ከልቤ ቀናሁባት።

በዚያው ማታ ቁልፉን አስረከብን።

ወንድሜ ጋራዡን ከፈተ፤ ቦታው ደርሶለታል። እኔንም አልጣለኝም፤ ክፍል የተከራየልኝ እሱ ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ዳቦና ፍራፍሬ ይዞ ይመጣ ነበር። ከቤቱ ስወጣ ከስፌት መኪናዬ ሌላ የእማዬን መጋረጃ አውርጄ ይዤ ነበር። ለአዲሲቱ ክፍል መስኮት በጣም ይረዝማል። ጨርቅ መጣል አልችልምና ቀሚስ አደረግሁት። ለቀሚስ አይሆንም፣ አውቃለሁ፤ ይገተራል።

ደንበኞቼ አልተከተሉኝም። ጠዋት ክር ሰክቼ እቀመጣለሁ፤ ልብ ስል የድሮው መንገድ ላይ ነኝ፣ እኩለ ቀን ነው፣ ምሰሶውን ተደግፌያለሁ። እንዴት እንደመጣሁ አላውቅም። መጀመሪያ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ከክፍሌ ይልቅ እዚህ ነው የምቆየው። ወንድሜም አንድ ቀን መኪና እየነዳ በአጠገቤ አለፈ፤ እጄን አነሳሁ፣ ፊት ለፊቱ ነበርኩ፣ አላየኝም።

ባልየው ሥራው ሌላ ከተማ ሆነና ቤቱን ገበያ ላይ አወጡት። ሚስትየዋ መልቀቅ እንደማትፈልግ ዋጋውን ስሰማ አወቅሁ፤ ቶሎቶሎም ሲወጣ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፍ «ቶሎቶሎ!» ብዬ ጠራሁት። ስንት ቀን ሳሎኔ ተቀምጦ ሻይ የጠጣ ሰው ነው። አጥሩን ተጠግቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አለፈኝ።

ሰነበተ። ትናንት ቀነሱ።

ዛሬ ቧንቧው ጋ ነኝ። አልቀየሩትም፤ ተጭኜ፣ ወደ ግራ ገፋ አድርጌ ከፈትኩት። ውኃው ያው የድሮው ነው፣ ሆዴ ባባ። ሚስትየዋ በመስኮቱ አይታኝ ወጣች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«አንቺ ሴትዮ! ማን አስገባሽ?» አለችኝና ዋጋውን በጩኸት ነገረችኝ።

አሳዘነችኝ። ወደ ቤትሽ ግቢ፣ ሳይሰነብት ሽጪው፣ ልላት ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ገና ነው» አልኳት።